የባለመርከቡ ልጅ

ሞታሌብ ከወንዙ ሲመለስ ጫማው ጭቃ፣ ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። የ«ፓድማ ክሮኒክል» ዜና ክፍል እንደ ወትሮው በስልክ ጩኸትና በሻይ ብርጭቆ ኳኳታ ይታመሳል። እሱ ግን ለማንም ሰላም ሳይል በቀጥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደና መጻፍ ጀመረ። ኑዝሃት ከአርታኢዎቹ ጥግ ሆና አየችው። ሰሞኑን ድምፁን ለመስማት ስትቁነጠነጥ ከርማ፣ አሁን በዓይኗ ስታየው ከወንበሯ አልተነሳችም። ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ፈገግ አላለም፤ ብቻ አያት፣ ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ የቤቱን ደጃፍ እንደሚያይ። ከዚያ መልሶ አቀረቀረ።

«ምናለ ሻይ እንኳ ብትወስጂለት?» አለቻት ጎኗ የተቀመጠችው ሸርሚን በክርኗ ጎሸም አድርጋ። «ዳካ በሙሉ የሚያውቀውን ነገር የምትደብቁት እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ።»

ኑዝሃት አልሳቀችም። ሸርሚን የማታውቀው፣ ሞታሌብም የማያውቀው ነገር ነበር። በማዕበል ተመትታ መግና ወንዝ ላይ የሰጠመችው፣ ያን ሁሉ መንገደኛ ይዛ የወረደችው «ሞዩር» የተባለች መርከብ የአባቷ ነበረች።

እዚህ ጋዜጣ ስትቀጠር የአባቷን ስም ለማንም አላወራችም። የካይዘር ቾውዱሪ ልጅ መሆኗ ከታወቀ በችሎታዋ ሳይሆን በአባቷ ገባች ይሉኛል ብላ ነው። በኋላም ሞታሌብን ስትወደው ልትነግረው ብዙ ጊዜ አፏን ከፍታ መልሳ ዘግታዋለች። እሱ ከቦላ ደሴት የመጣ የጀልባ ቀዛፊ ልጅ ነው። እሷ ደግሞ ዳንሞንዲ ውስጥ፣ በረኛ ባለበት ግቢ ያደገች። እንዴት ብላ ትጀምረው? ነገ፣ ነገ ስትል ወንዙ ቀደማት።

የተዋደዱት በጠብ ነበር። ሞታሌብ እንግሊዝኛን የተማረው ከአንድ የመንደር መምህር ነው፤ ኖኒ ጎፓል ማስተር ይባላሉ። ቋንቋው ያነክሳል፤ ዓይኑ ግን አያነክስም። እሱ ያየውን የሚያይ ዘጋቢ በጋዜጣው ውስጥ አልነበረም። መጀመሪያ ሰሞን «ወንዙ ተቆጥቷል» ብሎ ጽፎ ሲያመጣ ኑዝሃት ብዕሯን ከፍ አድርጋ፣ «ሞታሌብ ባይ፣ እንግሊዝኛ እንዲህ አይልም» አለችው። እዚያ ቢሮ ወንዱ ሁሉ «ባይ»፣ ሴቱ ሁሉ «አፓ» ነው፤ ወንድምና እህት እንደማለት።

«እንግሊዝኛው አይል ይሆናል፣ ኑዝሃት አፓ» አላት እሱም። «ወንዙ ግን ተቆጥቷል።»

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ «ለምን በእናታችን ቋንቋ በሚታተም ጋዜጣ ላይ አይጽፉም? እዚህ እኮ በየመስመሩ ከእኔ ጋር እየተጣሉ ነው የሚኖሩት» ብላ ጠየቀችው።

«ሰምጠው የሚሞቱት ሰዎች ይህን ጋዜጣ አያነቡትም» አለ። «የሚያሰምጧቸው ግን ከቁርሳቸው ጋር ያነቡታል። ለዚህ ነው።»

ያን ዕለት ኑዝሃት ልቧ ከእጇ ወጣ። ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ጣራው ላይ ሻይ ሲጠጡ ዝናብ ያዛቸው። ሞታሌብ ጋዜጣ ዘርግቶ ራሷ ላይ ደፋላትና፣ «ነይ ግቢ፣ ትታመሚብኛለሽ» አለ። ነይ! ሁለቱም ደንግጠው ተያዩ። ከዚያ ወዲህ ሰው በሌለበት «አንቺ» እና «አንተ»፣ ሰው ባለበት «እርስዎ» ሆኑ። ማንንም ባያታልሉም ለእነሱ ደስ ይላቸው ነበር።

አሁን ያ ጽሑፍ አልቆ ወደ ኮምፒውተሯ መጣ። የእሱን ጽሑፍ የምታቃናው ምንጊዜም እሷ ናት። ማንበብ ጀመረች።

አገሩ ሁሉ እስካሁን የሚያወራው አንድ ነገር ነው፦ ጥፋቱ የካፒቴኑ የጆይናል ነው፣ የማዕበል ማስጠንቀቂያ ተሰቅሎ ሳለ በገዛ ፈቃዱ ወጣ፣ ራሱም አብሮ ሰጠመ። አባቷም ቤት ውስጥ ያሉት ይህንኑ ነው። «እምቢ ብሎኝ ነው የሄደው፤ ነፍሱን ይማረው» ብለዋል፣ እጃቸውን እያሻሹ። እሷም አምናቸው ነበር።

የሞታሌብ ጽሑፍ ግን ሌላ ነገር ይላል። ከውሃው የተረፈ አንድ የቲኬት ሠራተኛ አግኝቷል። መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ጆይናል ለመርከቧ ባለቤት ሲደውል ሠራተኛው አጠገቡ ቆሞ ነበር። «ጌታዬ፣ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሰውም ከልክ በላይ ነው» አለ ጆይናል። በስልኩ ውስጥ ያለው ድምፅ ይጮህ ስለነበር ሠራተኛውም ሰማው። ሞታሌብ በዚያ በሚያነክስ እንግሊዝኛው ቃል በቃል አስፍሮታል፦ «ደመና የፈራ ሱቅ ይክፈት። አንተ ንዳ!»

ኑዝሃት ይህን ቃል ታውቀዋለች። ሕፃን ሆና በአያቷ ኩሬ ዳር ዋና ስትማር፣ ደረጃውን ይዛ አልለቅ ስትል፣ አባቷ እየሳቁ የሚሏት ይህንኑ ነበር። ፈተና ፈርታ ስታለቅስም እንዲሁ። በዚህ ሰፊ አገር ውስጥ ይህን የሚል አንድ ሰው ብቻ ነው። የተረፈው ሠራተኛ አልዋሸም። የዋሹት አባቷ ናቸው፤ ያውም በሞተ ሰው ላይ። ጽሑፉ እንደሚለው የጆይናልን ሚስት ጎረቤት ውሃ እንኳ እንዳትቀዳ እያባረራት ነው፣ «የነፍሰ ገዳይ ሚስት» እያለ።

ካይዘር ቾውዱሪ የሚለው ስም ከፊቷ ተደቅኗል። ጣቷ የማጥፊያው ቁልፍ ላይ አረፈ። ለአንዲት ትንፋሽ ያህል። ከዚያ እጇን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበችና ተነስታ ወደ ዜና አዘጋጁ ወደ ባድሩል ባይ ክፍል ገባች።

«ይህን ጽሑፍ እኔ መንካት የለብኝም።»

«ምነው፣ እንግሊዝኛው ባሰበት?» አሉ ባድሩል ባይ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ።

«ባለመርከቡ አባቴ ነው።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያ ልጅ ያውቃል?»

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

«በይ ቤትሽ ሂጂ። እኔ ራሴ እሠራዋለሁ።»

በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። «ባድሩል ባይ፣ ስሙን እንዳይሰርዙት።»

«የማንን ስም?»

«የአባቴን።»

ይህን ብላ ወጣች። ከሞታሌብ ጠረጴዛ አጠገብ ስታልፍ ቀና ብሎ፣ «ቆዪ፣ የምነግርሽ ነገር አለኝ» አላት በሹክሹክታ፤ ድምፁ የተሰበረ ነበር። ምን እንደሆነ ብትሰማ እዚያው የምትወድቅ መሰላት። «ነገ» ብላው አለፈች። በሪክሾው ላይ ሆና እስከ ቤቷ አለቀሰች። አንጀቷን ያቃጠለው ስለ ማን እንደምታለቅስ አለማወቋ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ጋዜጣው ሲወጣ ስሙ የለም። የቲኬቱ ሠራተኛ ምስክርነትም የለም። በሞታሌብ ስም የወጣው ጽሑፍ ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ሬሳ ፍለጋውና ስለ ካፒቴን ጆይናል ጥፋት ብቻ ያወራል።

ኑዝሃት ቢሮ ስትገባ ዜና ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ሞታሌብ መካከል ላይ ቆሟል። ጋዜጣው በእጁ ተጨማድዷል። ከማስታወቂያ ክፍል አንዱ የማን ልጅ እንደሆነች ነግሮታል።

«እርስዎን ልጠይቅዎት» አላት።

እርስዎ። ጥፊ ቢያቀምሳት ይሻላት ነበር።

«ጽሑፌን የተቀበሉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ካይዘር ቾውዱሪ አባትዎ ናቸው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ሌላ ምን እጠይቃለሁ!» ድምፁ ጣራውን ነካ። «እኔ ሞኙ በየመስመሩ እጅዎን እያየሁ፣ ቋንቋዬን የሚያቃና ሰው አገኘሁ ብዬ ስደሰት! ለካ እርስዎ የሚያቃኑት ሌላ ነው! ጆይናል ሞቷል፣ አይናገርም። ሚስቱም እንግሊዝኛ አታነብም። ታዲያ ምን ቸገረዎት!»

«ሞታሌብ ባይ፣ ቆይ እስቲ፣ እሷ እኮ…» አለች ሸርሚን። ኑዝሃት በዓይኗ ከለከለቻት። የባድሩል ባይ በር ተዘግቷል። ከበሩ በስተጀርባ ያሉት ሰው የቤተሰብ አስተዳዳሪ እንደሆኑ፣ ጽሑፉን የቆረጠውም ከበላይ የመጣ ትእዛዝ መሆኑን ገምታለች። ግን ዝም ያለችው ለእሳቸው አዝና ብቻ አይደለም። ትናንት ጣቷ ማጥፊያው ላይ አርፎ ነበር። ያችን አንዲት ትንፋሽ ታስታውሳለች። ንጹሕ ነኝ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣ አለ።

«የሚሉት የለዎትም?» አላት ሞታሌብ። አሁን መጮኹን ትቷል። ልመና የሚመስል ነገር ነበረበት፤ አይደለም በይኝ የሚል።

«ሁሉንም ተናግረውታል» አለችና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከኋላዋ የሚጠራት ጠብቃ ነበር። ማንም አልጠራትም። ደረጃውን ስትወርድ ከተማው በሙሉ እንግዳ አገር ሆነባት።

አባቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። መርከቧ ከሰጠመች ወዲህ ቢሮ አልሄዱም። ጺማቸውን አልተላጩም፤ የቀረበላቸው ሻይም ላዩ ቆዳ ሠርቷል። ካይዘር ቾውዱሪ ሲስቁ ግቢው የሚስቅ፣ ሲቆጡ በረኛው የሚሸሸግ ሰው ነበሩ። አሁን ወንበሩ የሰፋቸው ይመስላሉ።

ኑዝሃት ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች። «አባ፣ ጆይናል ያን ዕለት ደውሎልህ ነበር?»

«ነገርኩሽ እኮ። እምቢ ብሎኝ ነው…»

«‹ደመና የፈራ ሱቅ ይክፈት› አልከው?»

አባቷ ፊታቸው ዓመድ መሰለ። እጃቸው ብርጭቆውን ሊይዝ ሄዶ አየር ጨብጦ ተመለሰ። ቁራ ግንቡ ላይ ሁለት ጊዜ ጮኸ።

«ስቄ ነው ያልኩት» አሉ በመጨረሻ። «ኑዙ፣ ስቄ ነው ያልኩት። ሰው በወደቡ ይጮሃል አለኝ፤ በዓል ደርሷል፤ ሁሉም ቤቱ መግባት ይፈልጋል። በየዓመቱ እንዲሁ ነበር። በየዓመቱ ደርሰዋል!» ድምፃቸው ተቆራረጠ። «ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቃሌን አልፎ አያውቅም ጆይናል። ምናለ ያን ቀን እንኳ እምቢ ቢለኝ?»

«አንተ ግን እምቢ አለኝ አልክ።»

ይህ ቃል ሁለቱንም አቆሰላቸው። አባቷ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትልቁ ሰው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይታ አታውቅም ነበር። ልታቅፋቸው ፈለገች፤ ልትገፋቸውም ፈለገች። ጉልበታቸው ላይ ራሷን ጣለች።

«ሚስቱን ውሃ ከለከሏት፣ አባ። ስሙን መልስላት። እኔ ሌላ የምለምንህ የለኝም፤ ስሙን ብቻ መልስላት።»

«እስር ቤት ነው እኮ የምትለምኚልኝ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።» እንባዋ ሱሪያቸውን አራሰው። «በየቀኑ ምሳ ይዤልህ እመጣለሁ። አንተን ትቼ የትም አልሄድም። ግን እንዲህ ሆነህ እያየሁህ መኖር አልችልም፤ አንተም አትችልም።»

አባቷ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ «ያ ከቦላ የመጣው ልጅ ነው የጻፈው?» አሉ። «እናትሽ ስለ እሱ የምትጨቀጭቅሽ?»

«እሱ ነው።»

«ጥሪው። ለእሱ እነግረዋለሁ።»

እናቷ ሩክሳና ቤገም በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። «የጀልባ ቀዛፊው ልጅ? እዚህ ቤት?» አሉ። «እንዲያዋርደን? እንግዲያስ በጓሮ በር ይግባ!»

«በፊት በር ይገባል፣ ሩክሳና» አሉ ካይዘር። «በጓሮ በር መግባት ያለብኝስ እኔ ነኝ።»

ሞታሌብ በማግሥቱ መጣ። ኑዝሃት በስልክ ያለችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «አባቴ ሊያነጋግሩዎት ይፈልጋሉ።» እሷም «እርስዎ» አለችው። በስልኩ ውስጥ ትንፋሹን ሰማችና ዘጋችው።

በዚያ ግቢ በር ስለ መግባቱ ኑዝሃት ስንት ጊዜ አልማ ነበር! አዲስ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ጣፋጭ ይዞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ሲመጣ። አሁን የመጣው ማስታወሻ ደብተርና የድምፅ መቅጃ ይዞ ነው። ሳሎን ሲገባ ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ምንጣፉ ዳር ላይ ቆመ። እሷን አላያትም። ላለማየት ይታገል እንደነበር አንገቱ ይናገራል።

ካይዘር ቾውዱሪ ተላጭተዋል። አጠገባቸው አስቀመጡትና ምንም ሳይጠየቁ ጀመሩ። ስልኩን፣ ሳቃቸውን፣ ያችን ቃል፣ በኋላም በሟቹ ላይ የዋሹትን። አንዱንም አልዘለሉም። ሞታሌብ ይጽፋል። አንድ ቦታ ላይ ብዕሩ ቆመ።

«እዚያ መርከብ ላይ መምህሬ ነበሩ» አለ፣ ከደብተሩ ቀና ሳይል። «ኖኒ ጎፓል ማስተር። ዓይናቸውን ሊታከሙ ዳካ መጥተው እኔ ጋ ነበር ያረፉት። እኔ ራሴ ነኝ ሻንጣቸውን ተሸክሜ ያሳፈርኳቸው። በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳቸው፤ ነፋስ እንዲያገኙ ብዬ።»

ኑዝሃት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «የምነግርሽ ነገር አለኝ» ያላት ይህን ነበር። እሷ «ነገ» ብላው አልፋለች።

ካይዘር ቀስ ብለው ከሶፋው ወርደው እዚያው ምንጣፍ ላይ፣ ከወጣቱ እግር አጠገብ ተቀመጡ። ሞታሌብ ደንግጦ ሊያነሳቸው እጁን ዘረጋ። አልተነሱም።

«ይህንንም ጻፈው» አሉ። «ያንን የመጀመሪያውን ጽሑፍህን ጌታህ ነው የሰረዘው፤ የጋዜጣው ባለቤት። ራሱ ደውሎ ‹ካይዘር፣ ስምህን አስወጥቼልሃለሁ፤ ብድሬን አትርሳ› አለኝ። ልጄማ ‹የአባቴን ስም እንዳትሰርዙት› ብላ ለምና ነበር አሉ። እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ ‹ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግከው?› እያለ።»

ሞታሌብ ቀስ ብሎ ዞሮ አያት። ኑዝሃት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። በዚያ አስተያየት ውስጥ የዜና ክፍሉ ጩኸት፣ የተጨማደደው ጋዜጣ፣ ያ «እርስዎ» ሁሉ ተራ በተራ አለፈ። ይህን ያህል የተሸነፈ ፊት አይታ አታውቅም። ማሸነፏ ግን ቅንጣት ደስታ አልሰጣትም።

ሲወጣ እስከ ግቢው በር ሸኘችው። በረኛው ነገሩ ገብቶት ወደ አትክልቱ ሄደ።

«ለምን ዝም አልሽ?» አላት። «ለምን ‹እኔ አይደለሁም› አላልሽም?»

«ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነበር፣ ሞታሌብ። ልሰርዘው አስቤያለሁ። ትንሽ ጊዜ ነው፤ ግን አስቤያለሁ።»

«እኔ ደግሞ መምህሬን በእጄ አሳፍሬ ገድያለሁ። በአንቺ ላይ የጮኽኩት ለራሴ ጮኼ የተረፈኝን ነው።» ዓይኑ ሞላ። «ዝም ብትዪኝ እንኳ እንደዚያ ልልሽ አይገባም ነበር። እውነቱን ሳላጣራ ስምሽን አጠፋሁት፤ ያውም በሰው ሁሉ ፊት። እንዲህ ዓይነት ዘጋቢ ከሥራ ይባረራል።»

ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ሳቁ መልሶ ልቅሶ ሆነ። እሱም እንባዋን ለመጥረግ እጁን አነሳና፣ የሰው ግቢ መሆኑን አስታውሶ መለሰው። ያ መመለሱ ከመንካት በላይ ልቧን ነካት።

«ነገ ይህ ሲወጣ አባቴን ይወስዷቸዋል» አለችው። «እናቴ ስምህን ስትሰማ በሩን ትዘጋለች። ዘመድ ሁሉ አባቷን ያሳሰረችው ለወንድ ብላ ነው ይለኛል። አንተም አገርህ ስትገባ ‹ያቺ የባለመርከቡ ልጅ› ይሉሃል። እናትህ ምን ይላሉ? የጎረቤቶቻችሁ ልጆች እኮ እዚያ ውሃ ውስጥ ናቸው። ተወኝ፣ ሞታሌብ። ይህ ነገር ከእኛ በላይ ነው።»

«ልትወጂኝ ካልቻልሽ ‹ተወኝ› በይ፤ እሄዳለሁ። ሰው ምን ይላል ብለሽ ከሆነ ግን አልሄድም። ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት፤ የሰው ወሬ አያሰጥመኝም።»

መልስ አልሰጠችውም። በሩን ይዛ ቆመች፤ መንገዱ መታጠፊያ ላይ እስኪሰወር። የሄደው ሸሚዙ ከኋላ ተጨማድዶ፣ ደብተሩን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ነው። መልስ አለመስጠቷ «እወድሃለሁ» ማለት እንደነበር ያወቀችው እሱ ከዓይኗ ከጠፋ በኋላ ነው። ልቧ በባዶው መንገድ ላይ ሮጦ የቀረ መሰላት።

ጽሑፉ ወጣ፤ በፊት ገጽ፣ ከነስሙ፣ ከነቃሉ። ራሱን መደበቅ የማይፈልግን ሰው ማን ሊደብቀው ይችላል? የጋዜጣው ባለቤት ስልክ ደውሎ ጮኸ፤ ባድሩል ባይ ግን በዚህኛው ጊዜ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተው ገጹ ይታተም ብለው ፈረሙ። ካይዘር ቾውዱሪ ፖሊስ ሳይመጣ ሹፌራቸውን ጠርተው ራሳቸው ሄዱ። በካፒቴን ጆይናል መንደር መስጊድ ስሙ ንጹሕ መሆኑ ታወጀ። ሚስቱን ያባረሯት ጎረቤቶች ማሰሯቸውን ይዘው እየመጡ ደጇ ላይ ውሃ ያስቀምጡላት ጀመር።

ኑዝሃት ሥራዋን ለቀቀች። በየቀኑ ምሳ ትወስዳለች፤ እንደ ቃሏ። ሞታሌብ ይደውላል፤ ስለ ጠበቃው፣ ስለ አባቷ እንቅልፍ ይጠይቃታል። ስለ ሁለቱ ግን እሱም አይናገርም፣ እሷም አታነሳም።

የፍርድ ቤቱ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ገና በጠዋቱ ጢም ብሏል። በአንድ ወገን የሟቾች ቤተሰቦች፣ ከፊታቸውም ነጭ ሳሪ የለበሰችው የጆይናል ሚስት። በሌላው ወገን ኑዝሃትና እናቷ፤ በረጅሙ አግዳሚ ላይ ሁለት ብቻቸውን። ትናንት ቤታቸው ይመላለስ ከነበረው ዘመድ አንድም አልመጣም። ሩክሳና ቤገም ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ባዶውን ቦታ እንዳያዩ ቦርሳቸውን አግዳሚው ላይ አስቀምጠውበታል።

ካይዘርን አስገቧቸው። ወደ ተከሳሽ ሳጥኑ ሳይገቡ ወደ ጆይናል ሚስት ዞረው እጃቸውን አጣምረው ጎንበስ አሉ። ሴትዮዋ አልሰደበቻቸውም፤ ይቅርም አላለቻቸውም። ዓይኗን ብቻ ከእሳቸው አልነቀለችም።

ያን ጊዜ ሞታሌብ በሩ ላይ ታየ። የጋዜጠኞቹ ረድፍ ተንቀሳቀሰ፤ አንዱ እጁን አውለብልቦ፣ «ሞታሌብ፣ ወዲህ! ቦታ ይዤልሃለሁ!» አለው። የዓመቱ ትልቁ ዜና የእሱ ነው፤ ማንም ያውቃል። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። እጁ ላይ ደብተር አልነበረም። ኑዝሃት ሸርሚንን ከጋዜጠኞቹ መካከል ተቀምጣ አየቻት። ሸርሚን ብዕሯን እያሳየች ከሩቅ በከንፈሯ ብቻ «ዘገባውን ለእኔ ሰጠኝ» አለቻት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

ሞታሌብ በሰው መካከል እየተሽሎከለከ መጣ። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት፣ በራሱ አገር ሰዎች ፊት፣ ማንም ባልተቀመጠበት አግዳሚ ዘንድ ደርሶ ቆመ። ኑዝሃት ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም። ጫማውን ብቻ አየች፤ ተወልውሏል።

«ኻላማ» አለ እናቷን፣ አክስቱን እንደሚጠራ ሰው ዝቅ ብሎ። «እዚህ ልቀመጥ?»

ሩክሳና ቤገም ፊታቸውን አላዞሩም። ኑዝሃት የእናቷን ልብ ታውቃለች፤ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ከዚያ ያ ቀለበት የበዛበት እጅ ተዘረጋና ቦርሳውን ከአግዳሚው አንስቶ ጭን ላይ አኖረው።

«ተቀመጥ» አሉ። ቆየት ብለውም፣ አሁንም ሳያዩት፦ «ቁርስ በልተሃል?»

«በልቻለሁ፣ ኻላማ።»

«ዋሽተሃል። ፊትህ ይናገራል።»

ሞታሌብ ተቀመጠ። ዳኛው እየገቡ ነው፤ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ፣ እነሱም አብረው ተነሱ። ወደፊት ምን እንደሚጠብቃቸው፣ አባቷ ስንት ዓመት እንደሚፈረድባቸው፣ የቦላ ሰው በሩን ይከፍትላት እንደሆነ ኑዝሃት አታውቅም ነበር። ትከሻው ትከሻዋን በነካበት በኩል ግን ያ ሰሞኑን ሙሉ ያንቀጠቀጣት ብርድ ቀስ እያለ ሲለቃት ተሰማት። አንገቷንም ቀና አደረገች።